ለአንዲት መዳፍ የተሳልኩት ግልቢያ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በበጋው፣ ገብሱ ታጭዶ በተከመረበት በታኅሣሥ ወር፣ አፌን ከፈትኩና አንድ ነገር ተናገርኩ።

አንድ ነገር ብቻ!

ስንት ዓመት አለፈ። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ፌስቡኩ በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኞች ፎቶ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ከመካከላቸው አንዲት ቆንጆ ልጅ ፈረስ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከሥሯ ኮሜንቱ ተደርድሯል። "ጀግና!" "ደፋር!" "የአገው ልጅ!"

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይጠብቃት።

ግን እኔም በዚያ በዓል ፈረስ ጋልቤያለሁ። ፎቶ ያነሳኝ አልነበረም። ተመስገን ነው!

የልጅ ልጆቼ አላመኑኝም። "አያቴ፣ አንቺ በፈረስ?" ብለው ተሳሳቁ። እንግዲህ ለእነሱም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው። ላይክ የምታደርጉ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ በኋላ እንዳይጸጽታችሁ።

ትውልዴ ዳንግላ ከተማ ነው። የተዳርኩት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እንጅባራ ያኔ ኮሶ በር ነበር የምትባለው። ዩኒቨርሲቲ የለ፣ ባጃጅ የለ። ብርድ ግን ነበረ። እሱ አሁንም አለ።

የባሌ ቤተሰቦች አገዎች ናቸው። እርስ በርሳቸው አገውኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ይናገሩ ነበር። ሁሉም ስለ እኔ ብለው አማርኛ ሲያወሩ እኔ ስለ እነሱ አገውኛ ለመማር አልቸኮልኩም። "ቀስ ብዬ እለምደዋለሁ" እል ነበር።

ይህን ነገር ያዙልኝ። ኋላ ጉድ ያፈላል።

ሌላው ነገር ፈረስ ነው። በዚያ ቤት ፈረስ እንደ ቤተሰብ ነው። ስሙ ይጠራል፣ ይመሰገናል፣ ሲታመም ጎረቤት ይጠይቀዋል። የእኛው ዳማው ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ከእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ እንደ ፈረስ የምፈራው የለም። በቅሎ እንኳ የምቀመጠው ሰው ሲስብልኝ ነው። ዳማው በበሩ ሲያልፍ እኔ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

አማቴን እሜቴ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እሳቸው ያዩኝና "ምራቴ፣ እሱ እኮ ገብስ ነው የሚበላ" ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ታኅሣሥ።

የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር፤ ተራው የእኛ ቤት ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል። የእንግዶቹ ፈረሶች አጥሩ ሥር ተደርድረው ታስረዋል። የንስሐ አባቴ መምሬ ዳቦውን ባርከው ገና መቀመጣቸው ነው።

የልጄ አባት፣ አያሌው፣ ለእንግዶቹ መቀመጫ ከቀርከሃ ሲሠራ ነው የሰነበተ። የተረፈውን ፍልጥ አጥሩ ላይ አስደግፎታል። አዲስ የተፈለጠ ቀርከሃ ጠርዙ ምላጭ ነው። እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

የኔነህ ግን ገና አላደገም። የበኩር ልጄ ነው፤ ሁለት ዓመቱን ሊይዝ ነው። ቀርከሃውን ፈረስ ሊያደርገው ፈልጎ ጎተተው።

ጩኸቱ ተሰማ።

ስደርስ እጁ ደም። ቀሚሱ ደም። ፊቱ ደም! (ፊቱን በእጁ አሽቶት ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።)

ቀኝ እጁን ነው የተቆረጠው።

የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ አልነበረም። እርፍ የሚጨብጥ እጅ ነው። ልጓም የሚይዝ እጅ ነው። የሚያማትብበት እጅ ነው።

ሲደነግጥ ውኃ የሚያመጣ ሰው አለ። ጨርቅ የሚቀድ አለ።

እኔ ተሳልኩ!

ሻማ ማለት እችል ነበር። ጧፍ ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ የሚሳለው እሱን ነው። ነገር ግን ቀና ስል ዓይኔ የታሰሩት ፈረሶች ላይ አረፈ። ለልጄ እጅ የምፈራውን ነገር ካልሰጠሁ ምን ሰጠሁ? መሰለኝ እንዲያ ነው ያሰብኩት። ካሰብኩ።

"ጊዮርጊስ ሆይ!" ብዬ ጮኽኩ። "የልጄን እጅ ማርልኝ እንጂ፣ በጥር በዓልህ እኔው ራሴ ፈረስ ተቀምጬ ከፈረሰኞቹ ጋር እመጣልሃለሁ!"

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ልጁ ራሱ ማልቀሱን አቆመ።

አንድ የማኅበር ሰው ጠላውን ጋቢው ላይ ደፋ። አያሌው አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳማው ከዚያ ማዶ ጆሮውን ወደ እኔ ያዞረ መሰለኝ።

እሜቴ ልጁን ከእጄ ተቀበሉ። ውኃ አስመጡ። አፈሰሱበት። ደሙ ሁሉ ታጥቦ ሄደ።

ከሥሩ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

ከአውራ ጣቱ ሥር፣ መዳፉ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ። ሁለት የገብስ ፍሬ ቢጋደምባት ትሸፈናለች።

እሜቴ ስንጥቋን አዩ። እኔን አዩ። ፈረሶቹን አዩ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ለዚችስ ዶሮም ይበዛባት ነበር።"

ማኅበሩ በሙሉ ሳቀ። መምሬ እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጊዮርጊስ ሰምቷል። ማኅበሩም ሰምቷል። በማግስቱ ደግሞ ጥሊሊ ገበያ ድረስ ተሰማ። ያኔ ኔትወርክ አልነበረም የሚል ካለ፣ የጊዮርጊስ ማኅበርን አያውቅም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የማገገሙ ነገር መጣ።

እሜቴ ማር ቀቡለት። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩለት። ወደ ውጭ ወጥቼ ስመለስ ጨርቁ ረጥቦ ማሩ የለም።

ልሶታል!

እንደገና ቀባን። እንደገና ላሰ። ቁስሉ የዳነው በማሩ ይሁን በምላሱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለሁለቱም ተመስገን።

ጨርቁን ግን ወደደው። ወደደው ስላችሁ! በየጎረቤቱ እየዞረ የታሰረች እጁን ወደ ላይ ያነሳል። "ኡፍ" ይላል። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ "ኡፍ! ኡፍ!" ይልለታል። ከዚያ አንዱ ቆሎ ይሰጠዋል። አንዷ የተቀቀለ ድንች። አንዱ ደግሞ ሌላ ማር።

ንጉሥ ሆነ። ግብር ሰብሳቢ ንጉሥ!

እኔን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነው። "ፈረሰኛዋ መጣች!" ይላሉ። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ "ዛሬ በእግርሽ ነው የመጣሽው?" ይሉኛል። ቀስ ብዬ ብሄድ "ልጓሙን ሳቡላት" ነው። ፈጠን ብል "ቼ!" ነው።

ቻልኩት። ምን አደርጋለሁ? ራሴ ያመጣሁት ነው።

ቁስሉ በገና ሰሞን ተዘጋ። ጨርቁን ፈታሁለት። ጠባሳው ቀጭን፣ ሮዝ፣ ንጹሕ ነው። ሳምኩት። አለቀስኩ። "ተመስገን" ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ፈረሱ ትዝ አለኝ።

በልጇ መዳን ደስ ብሏት በዚያው የምትንቀጠቀጥ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ታውቁኛላችሁ።

ግን አንድ ነገር አየሁ።

የኔነህ ቀኝ እጁን አይጨብጥም።

መዳፉን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ፣ ሊያሳልም እንደተዘጋጀ ካህን ከደረቱ ፊት ይይዘዋል። ቆሎ መዳፉ ላይ ብታስቀምጡለት ወደ ግራው ይገለብጠዋል። የሚበላው በግራው ነው። የሚይዘው በግራው ነው። ሲሮጥ ቀኙ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ መሳቁን ተውን።

"ጅማቱ ተቆርጦ ይሆን?" አለ አንዱ ጎረቤት።

ያቺ ቃል እንደ ቀርከሃው ጠርዝ ገባችብኝ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እጁን ሆነ። ጣቴን መዳፉ ላይ አኖራለሁ። "ያዘኝ የኔ ዓለም" እለዋለሁ። ያየኛል። ፈገግ ይላል። አይዘኝም።

በዚህ መካከል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከስለቱ የማመልጥበትን መንገድም ፈልጌ ነበር። መምሬ ዘንድ ሄድኩ።

"አባቴ፣ ስለቴን በጃንጥላ ብለውጠው አይቻልም?"

"ምን ዓይነት ጃንጥላ?"

"ትልቅ። ዘርፍ ያለው።"

መምሬ አሰብ አደረጉ። "ልጄ፣ የተሳልሽው ለማን ነው?"

"ለጊዮርጊስ።"

"ሥዕሉ ላይ በምን ተቀምጧል?"

የነጠላዬን ጫፍ ማየት ጀመርኩ።

"በምን?"

"በፈረስ።"

"በጃንጥላ ተቀምጦ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር" አሉኝ።

መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ። "አትፍሪ፤ እሱ ስለትሽን ፈልጎት አይደለም። ቃልሽ እንዳይወድቅ ለአንቺው ብዬ ነው" አሉኝ። ይህችን ቃላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ነፍሳቸውን ይማር።

ከጥምቀት በኋላ አያሌው በጭነት መኪና ዳንግላ ወሰደን። ክሊኒኩ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ድሬሰር የኔነህን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጠባሳውን አየ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ ከኪሱ ከረሜላ አወጣና ቀኝ መዳፉ ላይ አኖረለት።

የኔነህ ከረሜላውን በግራ እጁ አነሳ። ጎረሰ።

ድሬሰሩ ሳቀ። "ቁስሉ ድኗል። ጅማቱም ደኅና ነው። ልጁ ሕመሙን አልረሳው ብሎ እጁን እየጠበቀ ነው። ሲረሳው ይጨብጣል።"

"መቼ ነው የሚረሳው?" አልኩ።

"እናቱ ስትረሳው" አለኝ።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት የሚገዛበት ሱቅ የት ነው?

ቤት ስንመለስ ለእሜቴ የተባለውን ነገርኳቸው። "እንግዲህ እጁ ገና አልዳነም ማለት ነው" አልኩ፤ "ካልዳነ ደግሞ ስለቱ ገና አልደረሰም።"

አዎ፣ እንደዚያ ብያለሁ። አትሳቁ። የፈራ ሰው ጠበቃ ነው።

እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ጊዮርጊስ ቁስሉን ዘጋልሽ። ደሙን አቆመልሽ። አሁን ጣት በጣት ልትከራከሪው ነው?"

"እሜቴ፣ እፈራለሁ እኮ።"

"ማን አትፈሪም አለሽ? ፈርተሽ ነው የተሳልሽው፤ ፈርተሽ ትከፍያለሽ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጁ ደግሞ ያይሻል። እናቱ ፈርታ ልጓም ሳትይዝ፣ እሱ ፍርሃቱን ትቶ እንዲጨብጥ ትፈልጊያለሽ?"

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ አፈር ይጭራል። ቀኙ ተዘርግቶ ጉልበቱ ላይ አርፏል።

እሺ አልኩ። ለዚያች እጅ ከሆነስ አንበሳም ብቀመጥ።

የጥር ጊዮርጊስ ደረሰ።

እሜቴ ራሳቸው አለበሱኝ። ከቀሚሴ ሥር የአያሌውን ሱሪ አስታጠቁኝ። ሱሪው ሁለት እኔን ይይዛል። ወገቤን በመቀነት ጠፍረው አሰሩት። ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። "አምሮብሻል" አሉኝ። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ውላችን እንዲህ ነበር። አያሌው ዳማውን በእጁ ይስባል። እኔ እቀመጣለሁ። ከፈረሰኞቹ ኋላ ኋላ፣ በርምጃ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሜዳ አንድ ጊዜ እንዞራለን። ልጁ ከአያቱ ጋር ይቆያል። እኔ እወርዳለሁ። እሳለማለሁ። አለቀ።

መልካም ውል ነበር!

ሦስት ሰው ሆነው አወጡኝ። ከላይ ሆኜ ሳይ መሬት እንዴት ትርቃለች! አያሌው "ዘና በይ፤ ዳማው እንደዚህ ስትሆኝ ይታወቀዋል" አለኝ። "እንዲታወቀው ነው እንጂ!" አልኩት።

በዚህ ጊዜ የኔነህ አየኝ።

እናቱ በአባቱ ፈረስ ላይ! የዓለም ፍትሕ የጠፋ መሰለው። ተንከባለለ። አለቀሰ። ትንፋሹ እስኪቆም ጮኸ። በበዓሉ ቀን፣ ቅዳሴ በወጣበት ሰዓት፣ የሰው ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነው።

"ስጧት! ከፊቷ አስቀምጡላት!" አለ ሕዝቡ።

ከፊቴ አስቀመጡት። በአንድ እጄ እሱን አቀፍኩ፣ በአንዱ ልጓሙን ያዝኩ። ዝም አለ። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ አየር ላይ ነች።

ተጀመረ። አያሌው ይስባል። ዳማው በቀስታ ይራመዳል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም "እንግዲህ ይህን ያህል ነው እንዴ?" አልኩ። በልቤ ትንሽ ኮራሁ።

መኩራቴ አንድ ትንፋሽ አልቆየም።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ዳማው በሕይወቱ ከኋላ ተሰልፎ አያውቅም። ሁልጊዜ የፊተኛው መስመር ፈረስ ነው። የፊተኞቹ ግልቢያ ሲጀምሩ አንገቱን አነሳ። የእልልታው ድምፅ ከፍ ሲል ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ራሱን አንድ ጊዜ ወዘወዘና ገመዱን ከአያሌው እጅ ነጠቀ።

ሄድን!

"ቁም!" አልኩ።

ዳማው ፈጠነ።

"ቁም! ቁም! በጊዮርጊስ ቁም!"

ባሰበት።

ወገኖቼ፣ ዳማው አማርኛ አያውቅም! በአገውኛ ተወልዶ፣ በአገውኛ አድጎ፣ በአገውኛ ነው የቆመ የሄደው። ከእኔ አፍ ከሚወጣው ሁሉ የሚገባው አንዲት ነገር የለም። በዚያ ቤት ስኖር "ቀስ ብዬ እለምደዋለሁ" ያልኩት ሁሉ በዚያች ሜዳ ላይ አንድ በአንድ ታየኝ።

ከፊቴ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል። የኔነህ ነው።

"ቼ!" ይላል።

እኔ "ቁም!" ስል እሱ "ቼ!"። ዳማው የሚሰማው አንዳችንን ብቻ ነበር።

ነጠላዬ በረረ። አንድ ሰው በዱላው ጫፍ ከአጥር ላይ ሲያነሳው በዓይኔ ዳር አየሁ። የኋለኞቹን አለፍን። የመካከለኞቹን አለፍን። የማውቃቸው ጺማም ፈረሰኞች ዞር ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው ፈጠጠ። ልጓሙን ለቅቄ ልጁንና የዳማውን አንገት ባንድ ላይ አቅፌያለሁ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩ።

ሕዝቡ ግን ምን እንደመሰለው ታውቃላችሁ?

የእምነት ብርታት መሰለው! "አየህ እንዴት እንደምትጋልብ!" ይላሉ። እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሲቀልጥ ዳማው ይጨምራል። ዳማው ሲጨምር እልልታው ይጨምራል። ማቆሚያ የሌለው ነገር ሆነ።

ማቆሚያው እሜቴ ነበሩ።

ሜዳው መጨረሻ ላይ፣ ካህናቱ ከቆሙበት ፊት ለፊት፣ ከሕዝቡ ወጥተው ብቻቸውን መካከል ላይ ቆሙ። ዘንጋቸውን አነሱ። አንዲት የአገውኛ ቃል ተናገሩ። አልጮኹም። ልጅን "ተው" እንደሚሉት ነው ያሏት።

ዳማው ድንጋይ ሆነ።

እኔ ግን አልሆንኩም።

በጎኑ በኩል ተንሸራተትኩ። ሱሪው፣ ቀሚሱ፣ መቀነቱ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ በካህናቱ ፊት፣ በቂጤ ቁጭ አልኩ። አቧራው ሸፈነኝ።

ከዚያ አንዷ ሴት ጀመረችው።

"ስለቷን አስገባች የዳንግላዋ እመቤት፣
ጋማውን ልጅ ይዞት፣ እሷ አንገት አቅፋበት!"

ሳቁ ከሜዳው ወደ ጫካው፣ ከጫካው ወደ ሰማይ ሄደ። ዲያቆናቱ ሳቁ። መምሬ ዞረው ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ "መሬት ሆይ ክፈቺ" እላለሁ።

ግን አንዲት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ጋማውን ልጅ ይዞት?

ቀና አልኩ።

የኔነህ ዳማው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ይስቃል። አያሌው ደርሶ በወገቡ ያዘው፤ ሊያወርደው ሳበው። ልጁ አልወርድ አለ። የያዘው ነገር ነበር።

በቀኝ እጁ!

ያች ዝርግ እጅ፣ ያች ቆሎ የማትይዝ እጅ፣ የዳማውን ጋማ እስከ ሥሩ ጨብጣለች። አያሌው ሲስበው እጁ አይለቅም። እሜቴ መጡ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመሩ። አንዱን ሲያላቅቁ ሌላው ይጨብጣል። እያላቀቁ እንባቸው ይወርዳል።

"ይኸው፣" አሉ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማው፣ "ይኸው ምራቴ፣ ስለትሽ። አልከፍት አለኝ።"

አለቀስኩ። እዚያው መሬት ላይ፣ በአያሌው ሱሪ፣ ራሴ ባዶውን። ማንም ከዚያ በኋላ አልሳቀም። መምሬ መጥተው በመስቀላቸው መጀመሪያ የልጁን እጅ፣ ቀጥሎ የእኔን ራስ ዳሰሱ። ልጁ ሲወርድ እፍኙ ውስጥ ጥቂት የጋማ ጸጉር ቀርቶ ነበር። ያቺን ጸጉር በተመለሰልኝ ነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት፤ ለእጁ ማሰሪያ በቀደድኩት ጫፍ።

እናንተ የዘመኑ ልጆች ቪዲዮ አላችሁ። እኔ ያቺ ቋጠሮ ነበረችኝ።

አሁን እሜቴ የሉም። አያሌውም የለም። ዳማውን የቀበርነው እንደ ሰው እያለቀስን ነው። የኔነህ የልጅ ልጅ አይቷል። ጠባሳው ከእጁ ጋር አድጎ የት እንደገባ አይታወቅም፤ እኔ ብቻ ነኝ የማገኘው። ሲጠይቀኝ በመጣ ቁጥር እጄን ሲስመኝ መዳፉን ገልብጬ አየዋለሁ። "እማዬ፣ አሁንም?" ይለኛል። አሁንም።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት? ልጃችሁ ሲቆረጥ መጀመሪያ ውኃ አምጡ። ደሙን እጠቡ። ቁስሉን እዩት። ከዚያ በኋላ፣ የግድ ከሆነ፣ ተሳሉ። ሻማ ጥሩ ነው።

ከዚያ በዓል በማግስቱ ጠዋት ከወገቤ በታች ያለው አካሌ የእኔ አልነበረም። ግድግዳ እየያዝኩ ተነሳሁ። አማተብኩ። የኔነህ ከመኝታው ወርዶ መጣ። አየኝ። ከዚያ በቀኝ እጁ ጣቴን ጨበጠ።

ጠበቅ አድርጎ።

ወደ በር ጎተተኝ። ወዴት እንደሚወስደኝ ገባኝ። "ቼ" አለ።

ተከተልኩት። ግን ወደ ጋጣው ከመድረሳችን በፊት በእሜቴ ደጅ በኩል አዞርኩት። እሜቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ።

"እሜቴ፣" አልኳቸው፣ "ያቺን ቃል ያስተምሩኝ።"

"የትኛዋን?"

"ማቆሚያዋን።"

ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። አልሳቁብኝም። በአገውኛ ቀስ ብለው ነገሩኝ። አልኳት፤ ተሳሳትኩ። ደገሙልኝ። እንደገና ተሳሳትኩ። የኔነህ ሳቀብኝና እሱ በትክክል አላት።

ጣቴን ግን አልለቀቀም። እስክትሆንልኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ደጋገምኳት። ከዚያ ሦስታችንም ተነስተን ወደ ዳማው ሄድን።